ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው ድንኳን

ያፌት ሥራ የሚገባው ከአልጋው ወርዶ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ቤቱ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሩቅ አዋጭ አክሲዮን ማኅበር። ግድግዳውም፣ መብራቱም፣ ወንበሩም የያፌት ናቸው። መጋረጃውን ግን የሰጠው ድርጅቱ ነው። በአንድ በኩል «እንኳን ወደ ሥራ በደኅና መጡ» ይላል፤ በሌላው በኩል «በደኅና ይግቡ»። እናቱ ወይዘሮ ቃልኪዳን ይህን ጽሑፍ ባዩት ቁጥር «ከየት ወዴት ነው የሚገባው?» እያሉ ይስቃሉ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስልሳ ስምንት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ የሚባል ነገር ከቀረ አንድ ትውልድ አልፏል። ድሮ ቢሮ የነበሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ዛሬ ዶሮ ይረባባቸዋል፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ያደገ ዶሮ ሥጋው ይጣፍጣል የሚሉም አሉ። ድርጅቶች ሠራተኛውን ወደየቤቱ የመለሱት በክፋት አልነበረም፤ አዋጭ ሆኖ ስላገኙት ነው። ሩቅ አዋጭ ደግሞ እንጀራው ይህንኑ አዋጭነት እየዞሩ ማስረዳት ነው። እየዞሩ ሲባል፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ማለት ነው።

የያፌት የሥራ መደብ «የጥቅም አብራሪ» ይባላል። ሕንፃ ይዞ የቀረ ግትር ድርጅት ሲገኝ ስክሪናቸው ላይ ቀርቦ ጥቅሙን ያብራራላቸዋል። ኪራይ የለም። የሻይ ወጪ የለም። መስኮቱ ይከፈት አይከፈት ብሎ የሚኳረፍ የለም። ሊፍት ተበላሸብኝ ብሎ የሚያረፍድ የለም። የጎረቤቱን ደመወዝ ሰምቶ ፊቱን የሚያጠቁር የለም፤ ጎረቤትም የለማ! ይህን ሌላውም አብራሪ ያውቀዋል። ያፌትን ያስከበረው መጨረሻ ላይ የሚያነሣው ጥቅም ነው፤ ለቅሶ።

«ድሮ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ሠራተኛ ሐዘን ሲደርስበት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄድ ነበር። ዘበኛው ሳይቀር! ባለጉዳይ በር ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሲመለሱም ሐዘንተኛዋ እንዴት እንደከሳች ሲያወሩ ቀኑ ይመሻል።» እዚህ ላይ ደንበኞች ይስቃሉ። ያፌት ለዚህ በሽታ መድኃኒት ያገኘ ሰው ነው፤ የማጽናኛ ቁልፍ። ቁልፉ ሲነካ የሠራተኛው የሥራ ፊት ሐዘንተኛው ስክሪን ላይ ብቅ ይልና «እግዚአብሔር ያጽናናዎ» ብሎ አንዲት እንባ ያወርዳል። እንባዋ የምትወርደው ከግራ ዓይን ነው። ከሁለቱም ትውረድ ወይ በሚለው ላይ ስብሰባ ተደርጎ አንዱ ይበቃል ተብሏል።

የሥራ ፊት ማለት በሥራ ሰዓት የሚለበሰው ፊት ነው። ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም እንቅልፍ የጠገበ፣ ሁሉም ፈገግ ያለ። ያፌት ከባልደረቦቹ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ የአንዳቸውንም አፍንጫ አያውቅም። ቤታቸውንም አያውቅም። አድራሻ መጠየቅ ጥፋት ነው፤ ያለ ፈቃድ በአካል የተገናኙ ሠራተኞች ደግሞ ይሰናበታሉ። ምክንያቱ ደንቡ ላይ በአጭሩ ተቀምጧል፤ የተገናኘ ሰው ያወራል።

ከነዚህ ለስላሳ ፊቶች መካከል ግን ሶልያና ማይኳን መዝጋት የማይሆንላት ሴት ነበረች። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ኤልዳና ጠዋት ጠዋት «ሶልያና፣ ማይክሽን!» ይሏታል። «ውይ፣ ይቅርታ» ትላለች፤ ትዘጋዋለች፤ ጥቂት ቆይቶ ይከፈታል። በዚያ ክፍት ማይክ በኩል ሰፈሯ በሙሉ ስብሰባ ይገባ ነበር። ቀበቶው የላላ ወፍጮ ያፏጫል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ። የታክሲ ረዳት «አስኮ! አስኮ! አንድ ሰው!» ብሎ ይጮኻል። ታክሲ ሹፌር ካጣ ስንት ዘመኑ፤ ረዳቱ ግን አልቀረም። ካልተጮኸለት አልሞላ ብሎ አስቸገረ።

ከሁሉም በላይ ግን የሶልያና እናት፣ እማማ ብሌን ነበሩ። ስብሰባው ሞቅ ሲል ከጓዳ ድምፃቸው ይመጣል። «ሶልዬ፣ እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም እንዴ? ምሳ ደርሷል በያቸው እንጂ!» ከዚያ ጠጋ ብለው «እንዴት ናችሁ ልጆቼ? ሰው ሁሉ ደኅና? ያ የሚያስለው ልጅ ተሻለው?» ይላሉ። የሚያስለው ያፌት ነበር። ያቺ ጉንፋን ከለቀቀችው ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረችው ሲደነግጥ የምትነሣበት ደረቅ ሳል ብቻ ናት። እማማ ብሌን ግን መጠየቃቸውን አልተዉም፤ እሱም «ተሻለኝ እማማ» ማለቱን አልተወም። ድርጅቱ ትርፍ ድምፅ የሚያጠፋ መሣሪያ ለሁሉም አድሏል። ያፌት የራሱን ዘግቶታል፤ ቢጠየቅ ተበላሽቶ ነው ይላል።

አንድ ማክሰኞ የሶልያና ማይክ ማንም ሳያዛት ተዘግቶ ዋለ። ከሰዓት በኋላ በየስክሪኑ ማስታወቂያ ወጣ፤ የባልደረባችን እናት አርፈዋል፣ ቀብራቸው ተፈጽሟል፣ የማጽናኛ ቁልፉ እስከ ነገ ክፍት ነው። ያፌት ቁልፉን ነካ። ከግራ ዓይኑ አንዲት እንባ ወረደች። ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሥራው ግን እምቢ አለው።

ማታ እራት ላይ እናቱ አዩት።

«ምን ሆነሃል? እህሉን ትቆጥረዋለህ እንዴ?»

«የሶልያና እናት ሞቱ።»

«እነዚያ ምሳ ደርሷል የሚሉት?» ወይዘሮ ቃልኪዳን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እሳቸውም ከመጋረጃው ወዲህ ሆነው ያንን ሁሉ ዓመት ሰምተዋቸዋል፤ እማማ ብሌን ሰላም ሲሉ በሹክሹክታ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ ይመልሱም ነበር። «ውይ የኔ እናት! ታዲያ መቼ ትሄዳለህ?»

«ቁልፉን ነክቻለሁ እማዬ።»

«ምኑን?»

«የማጽናኛ ቁልፉን። ያ እኔ የሠራሁት…»

እናቱ እጃቸውን ከገበታው አነሡ። ይሄ በያፌት ቤት ክፉ ምልክት ነው።

«ስማ። ነገ እኔም ስሞት እንዲህ ቁልፍ ሲነካካ ሊዋል ነው?»

«እማዬ፣ ብያዝ ያባርሩኛል። ሐሙስ ደግሞ ትልቅ የጭነት ድርጅት አብራራልን ብሎኛል። ከተሳካልኝ የክፍል ኃላፊ እሆናለሁ። የምኖረው በዚህ ሥራ ነው፤ አንቺም የምትኖሪው በዚህ ሥራ ነው።»

«ሹመትህን እዚያው መጋረጃህ ውስጥ ስቀለው! አሥራ አንድ ዓመት ጤናህን የጠየቀች ሴት ሞታ ልጄ ቤቱ ተቀመጠ ከምባል እኔ ልቅደም።» ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ። «እዝን እሠራለሁ። ይዘህ ትሄዳለህ።»

ያፌት አርባን አልፏል። እናቱን እምቢ ያለበት ቀን ግን የለም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ በዚያ ምሽት እምቢ ማለትም አልፈለገም። የፈለገው እንዲያዙት ብቻ ነበር።

ጠዋት የሥራ ፊቱን መነቅነቅ ላይ አደረገው። እንዲህ የተደረገ ፊት ራሱን እየነቀነቀ አልፎ አልፎ «በጣም ጥሩ ነጥብ ነው» ይላል። ከዚያ ጫማ ፈለገ። አልጋ ሥር ያገኘው ጫማ ከመቀመጥ ብዛት ደርቆ እግሩን አልቀበል አለ፤ በስንት ግፊያ ገባለት። እናቱ የምስር ወጥና እንጀራ የሞላ ትልቅ ሰሐን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው አሸከሙት።

አድራሻ ባይኖረውም ጆሮ ነበረው። «አስኮ! አስኮ!» የሚባለው የት እንደሆነ ጠያይቆ ዊንጌት ደረሰና አስፋልቱ ዳር ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። አላፊ አግዳሚው የታመመ መስሎት «ወንድሜ፣ ደኅና ነህ?» አለው። ያፌትን የማያውቀው ሰው በመንገድ ካነጋገረው ስንት ጊዜው! «ደኅና ነኝ፣ እየሰማሁ ነው» አለ። ረዳቱ ተሰማው። ቀጥሎ ልጆቹ። ቀጥሎ ከወደ ቁልቁለቱ ያቺ የላላ ቀበቶ ፉጨት። ፉጨቷን ተከትሎ ወረደ፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረሰ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ድንኳን ተተክሎ አየ።

ተገላገልኩ አለ በሆዱ። ገባ፤ ሰሐኑን ለሴቶቹ አስረከበ፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚል የለም። ንፍሮ በእፍኙ አደረጉለት። ያቺ የሚያውቃት ፉጨት በድንኳኑ ጨርቅ አልፋ ስትሰማው፣ በፉጨቷ ላይ ግን ያ «ምሳ ደርሷል» የሚለው ድምፅ ሲጎድልባት፣ ያፌት አለቀሰ። ከቀኝ ዓይኑም እንባ መውረዱን በእጁ ዳብሶ አወቀና ተገረመ።

እንባውን ሲጠርግ አጠገቡ የተቀመጠ ቀጭን ሰውዬ መዳፉን ከፍ አድርጎ ሲጠብቅ አየ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኪሩቤል፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስደገፉ ትክ ብለው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ውኃ ነው?»

«አይ፣ ለመናገር ነው።»

«ተናገራ ታዲያ! ማን አፍህን ያዘህ?»

ድንኳን ውስጥ ለመናገር እጁን የሚያነሣ ሰው ስብሰባ ያሳደገው ብቻ ነው። ያፌት ዙሪያውን ቃኘ። ማዶ አንድ መዳፍ። በሩ አጠገብ ሌላ መዳፍ። የራሱንም እጅ አየ፤ እሱም ሳያውቀው ወደ ላይ ነበር።

እጁን ቶሎ አወረደ። ሽማግሌዎቹ በዚህ መሐል ስለ ወፍጮው ቀበቶ ክርክር ገጥመዋል፤ ይቀየር የሚሉ አሉ፣ ፉጨቱ ሰፈሩን ያደምቃል የሚሉም አሉ። ነገሩ ከቀበቶ ወደ በቆሎ፣ ከበቆሎ ወደ ዝናብ ሲዞር፣ ከሴቶቹ በኩል ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች አጭር ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ወደ ነጥቡ እንመለስ» አለች።

ያፌት ክው ብሎ ቀረ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በሥራ ቀን ሁሉ ሰምቷታል። ወይዘሮ ኤልዳና! ሹመቱን የሚሰጡት እሳቸው፣ ስንብቱንም የሚፈርሙት እሳቸው። ንፍሮው ትንታ ሆነበት፤ ያቺ ደረቅ ሳል ተነሣች፤ ቢይዛትም አልያዝ አለች። ሴትየዋ ዞሩ። የሥራ ፊታቸው ረጅም አንገት ያለው ወጣት ነበር፤ እኚህ ግን ጉንጫቸው ሙሉ፣ የፊት ጥርሳቸው ሸረፍ ያለ፣ ዓይናቸው በለቅሶ ያበጠ ሴት ናቸው። ቀስ ብለው መጥተው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ይህቺን ሳል አውቃታለሁ» አሉ ወደ ፊት እያዩ። «ያፌት ነህ።»

«ነኝ» አለ። እናቱን አሰበ፤ የቤት ኪራዩን አሰበ። «ወይዘሮ ኤልዳና፣ ልጄ ለቅሶ አልደረሰም ከምባል ብለው እናቴ…»

«የኔም እናት ናቸው የላኩኝ» አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «እኔን አላየኸኝም። እኔም አላየሁህም። ያኛው ቀጭኑ ናሆም ነው፤ በጠየቀ ቁጥር እጁን እንደሚያነሣ አታውቅም? በሩ ላይ ያሉትም የኛው ናቸው። አንዳቸውንም አላየሁም።»

ያፌት ተነፈሰ። ያን ያህል ረጅም ትንፋሽ መቼ እንደተነፈሰ አያስታውስም። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ከነከነው።

«ሶልያናስ የታለች?»

«እኔም ስፈልጋት ነበር» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። ወደ ጋሽ ኪሩቤል ዞሩ። «አባቴ፣ ሐዘንተኛዋ የት ናት?»

«የትኛዋ?»

«ልጃቸው። ሶልያና።»

«ሮቤል ልጅ አልነበረውም» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

ናሆም መዳፉን አነሣ።

«ሮቤል ማን ነው?»

«ሮቤል ማን ነው? ከጠዋት ጀምሮ የምትነፋረቅለት ነዋ!» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «እኔማ የትኛው የሥጋ ዘመዱ ነው፣ እንዴት ያለ ልበ ሩኅሩኅ ሰው ነው ብዬ ሳደንቅህ ነው የዋልኩት!»

ከወንዶቹ ወገን አንዱ ሳቁን አፍኖ አጎነበሰ። ያፌት ፊቱ በርበሬ መሰለ። ነገሩን ሁሉ አውጥቶ ተናገረ፤ ማይኩን፣ ፉጨቷን፣ «ምሳ ደርሷል» የሚሉትን እማማ ብሌንን። ጋሽ ኪሩቤል ግን የእማማ ብሌን ስም ሲጠራ አልሳቁም። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ብሌን? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት? ሞቱ? መቼ?»

«ትናንት ቀብራቸው ተፈጸመ ተባልን።»

«ማን ቀበራቸው? ጥሩምባ አልተነፋ! ድንኳን አልተተከለ!»

ነገሩ ይህ ነበር፤ ሶልያና እድር ውስጥ አልነበረችም። የእድሩ ስብሰባ የሚውለው በሥራ ሰዓት ነው፤ ሰፈሩ አንዴ ሁለቴ ጠርቷት ማይክ ላይ ነኝ ብላ ቀርታለች። ወጣ ገባ የሚሉት እናቷ ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ በር የሚያንኳኳ ጠፋ። ከድርጅቱ ጋር ውል ያለው ቀባሪ መጥቶ ድምፅ ሳያሰማ ወሰዳቸው። ባልደረቦቿ ደግሞ ለቅሶ ያለበት ቤት ድንኳን አይጠፋውም ብለው በየፊናቸው ወፍጮ ቤቱን አፈላልገው፣ ያገኙት ድንኳን ውስጥ ገብተው ለማያውቁት ለአቶ ሮቤል አለቀሱ።

«ከግድግዳዬ ጀርባ ሰው ሞቶ!» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። የሚቆጡት በማን እንደሆነ እሳቸውም አልለዩትም። «እኔ አላወቅኩ፣ እናንተ አላወቃችሁ። ተነሡ! ሰሐኖቻችሁንም አንሡ፤ ለሮቤልስ እዝን ሞልቷል። የእድሩን ወንበር አምጡ!»

በወፍጮ ቤቱ ጥግ ሲታጠፉ ወይዘሮ ኤልዳና ስልካቸውን አውጥተው የጠዋቱን ስብሰባ ከፈቱ። ያፌት በትከሻቸው አሻግሮ አየ። ፊቶቹ በሙሉ ተሰልፈው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የያፌት ፊት «በጣም ጥሩ ነጥብ ነው» አለ። የናሆም ፊት «እስማማለሁ» አለ። የወይዘሮ ኤልዳና ፊት ሁሉንም አመሰገነ።

«ነጥቡን ያነሣው ማነው?» አለ ያፌት።

«ማንም።»

ስክሪኑ ብልጭ አለ፤ ስብሰባው ከሰዓቱ ቀድሞ በሙሉ ድምፅ ተጠናቀቀ፤ የዓመቱ እጅግ ውጤታማ ስብሰባ ሆኖ ተመዘገበ። ሁለቱ ተያዩ። ያፌት ሊስቅ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሳቁን ዋጠው።

«ያፌት» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና ስልካቸውን እየደበቁ፣ «ይህን ጥቅም ለማንም እንዳታብራራ።»

«አላብራራም።»

«ነገ ስታብራራም የለቅሶውን ዝለለው። ኪራዩ ይበቃቸዋል።»

ቤቱን ያገኙት እንደገና በጆሯቸው ነው። ፉጨቷ ከግራ፣ የልጆቹ ፊደል ከቀኝ እኩል የሚሰማበት ቦታ ሲደርሱ ሁሉም ማንም ሳያዛቸው ቆሙ፤ አሥራ አንድ ዓመት የሰሙት ስብሰባ ይህ ነበር። ፊት ለፊታቸው ገርበብ ያለ በር አለ።

ውስጥ፣ አንዲት ፀጉሯን ያልሠራች ጠይም ሴት መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ስክሪን ታያለች። ስክሪኑ ላይ የድርጅቱ ፊቶች ተራ በተራ ብቅ ይላሉ፤ «እግዚአብሔር ያጽናናዎ» ይላሉ፤ አንዲት እንባ ያወርዳሉ። መጨረሻው ሲደርስ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ያፌት የራሱን ፊት አየው። ለስላሳ ነበር፤ እንባዋም በደንቡ ከግራ ወረደች። ያን እንባ ሲፈጥር የተጨበጨበለትን ቀን አስታወሰና አፈረ። ስክሪኑን በድንጋይ ቢለው ደስ ባለው።

ሴትየዋ በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው ቀና ብላ አየች። አንዱንም አላወቀችም።

«ማን ልበል?» አለች።

ያፌት የማጽናኛ ቃል መንገድ ለመንገድ ሲያጠና ነበር የመጣው። አንዱም አልመጣለትም። አፉን ሲከፍት የወጣው በየማለዳው ስብሰባ ሲከፈት የሚላት ቃል ነው።

«ድምፄ ይሰማል?»

ሶልያና እሱን አየች፤ የያዘውን ሰሐን አየች፤ ከኋላው እጃቸውን እንደ ልማዳቸው አንሥተው ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች አየች።

«ይሰማል» አለች። «ይሰማል ያፌት።» ከዚያ ፊቷን ወደ ጓዳው፣ ማንም ወደሌለበት ወደ ጓዳው አዞረች።

«እማዬ! ቤት የላቸውም እንዴ ያልሻቸው ሰዎች መጡልሽ! ምሳ ደርሷል በያቸው ስትይኝ ነበር፤ ይኸው፣ ምሳውን ራሳቸው ይዘው መጡ!»

ከዚያ ወዲያ ተራ የጠበቀ የለም። የተነሣው እጅ ሁሉ ወረደ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አለቀሰ።